ያለፈ ዘመን የጐልፍ ጀግና የዛሬውን አሸናፊ ሊያሠለጥን ይችላልን?

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የተነሣው በማደሪያ ቤታችን ከእራት በኋላ በተደረገ ክርክር ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ «በአንድ ሥራ ከሁሉ የበለጠ ሰው፣ ያንኑ ሥራ ለማስተማርም ከሁሉ የበለጠ መሆን አለበት» አለ። ሌላው ደግሞ «ማወቅና ማሳወቅ ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው» ሲል ተቃወመው። መብራት እስኪጠፋ ድረስ አልተስማሙም። እኛ ግን ነገሩ በአንደበት ብርታት የሚወሰን ስላልመሰለን፣ ማስረጃው ሊቈጠር በሚችልበት በአንድ ሥራ ላይ ለመመርመር ፈለግንና ጐልፍን መረጥን።

ጐልፍን የመረጥነው ተጫዋቾች ስለሆንን አይደለም፤ ከእኛ መካከል ዱላውን በእጁ የጨበጠ የለም ለማለት ይቻላል። ምክንያታችን የጨዋታው ጠባይ ነው። ተጫዋቹ ትንሿን ኳስ በልዩ ልዩ ዱላዎች እየመታ ከመነሻው ስፍራ እስከ ጕድጓዱ ያደርሳታል፤ እንዲህ እያለ 18 ጕድጓዶችን ይዞራል። በታላላቆቹ ውድድሮች ይህ አራት ቀን ይደረግና በጠቅላላው ከሁሉ ባነሰ ምት የጨረሰው ያሸንፋል። ኳሷ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ የሚገፋውም ሆነ የሚቀማው ባላጋራ የለም። ስለዚህ በእግር ኳስ ጥፋቱ ለዐሥራ አንድ ሰው ሲከፋፈል፣ በጐልፍ ግን ልማቱም ጥፋቱም የአንድ ሰው ነው። አስተማሪ ቢለወጥ፣ ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ባይባልም፣ የሆነው ነገር በቍጥር ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ለጥያቄው አጭር መልስ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ አዎን፣ ተደርጓል ልንለው እንችላለን። ይኸውም የባይረን ኔልሰንና የቶም ዋትሰን ታሪክ ነው።

ኔልሰን በ1912 በቴክሳስ ተወለዱ። በ1945 ዓመት ብቻ 18 ውድድሮችን አሸነፉ፤ ከእነዚህም 11ዱን ያሸነፉት አንድም ሳይሸነፉ በተከታታይ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ፣ ገና የ34 ዓመት ሰው ሳሉ፣ የዘወትር ውድድርን ተዉና ሮአኖክ በምትባል የቴክሳስ መንደር አጠገብ በገዙት የከብት እርባታ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሚታወቁት በውድድር ሳይሆን በቴሌቪዥን ተንታኝነትና ወጣቶችን በመምከር ነው። ቀደም ብለው የረዱት ኬን ቬንቱሪ በ1964 የአሜሪካን ኦፕን አሸንፎአል።

ቶም ዋትሰን ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ትምህርት የተማረ ወጣት ነበር። በ1974 በኒው ዮርክ አጠገብ በዊንግድ ፉት በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ሦስት ቀን ከተጫወተ በኋላ በአንድ ምት ይመራ ነበር። በመጨረሻው ቀን ግን 79 ምት አወጣና ድሉን ሄል ኧርዊን ወሰደው። ዕድሜው 24 ነበረ። ኔልሰን በዚያ ቀን በመልበሻው ክፍል ፈልገው አገኙትና አጽናኑት፤ ርዳታ ቢፈልግ ለመስጠት ዝግጁ መሆናቸውን ነገሩት። የ62 ዓመት ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር ተቃና ብሎ እንዳያስብ እንለምናለን። ዋትሰን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ድሉን በዌስተርን ኦፕን ሲያገኝ፣ በ1975 ግን በመዲና በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን በሁለት ቀን 135 ምት አውጥቶ የቆየውን የውድድሩን ክብረ ወሰን ከተካከለ በኋላ፣ በቀሩት ሁለት ቀኖች 78 እና 77 አውጥቶ እንደገና ወደቀ። ጋዜጦችም በጭንቅ ሰዓት የሚሰበር ሰው ነው ይሉት ጀመር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በስኮትላንድ በካርኑስቲ የብሪታንያን ኦፕን አሸነፈ። ከኔልሰን ጋር በእርባታው እየተገናኙ መሥራታቸው እየበረታ ሄደ። በ1977 በማስተርስ ውድድር ጃክ ኒክላውስን በሁለት ምት በለጠው፤ በዚያው ዓመት በተርንበሪ በተደረገው የብሪታንያ ኦፕን፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀኖች ዋትሰን 65 እና 65፣ ኒክላውስ 65 እና 66 አውጥተው፣ ዋትሰን በአንድ ምት አሸነፈ። እስከ 1983 ድረስ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች በጠቅላላው ስምንት ድል አግኝቶአል።

ይህን ምሳሌ ለዚያ ለመጀመሪያው ተከራካሪ ብንነግረው፣ «ይኸው፣ አላልኋችሁም?» ማለቱ የማይቀር ነው። እኛ ግን ሁለት ነገር እንጠይቀዋለን። መጀመሪያ፣ ዋትሰንን ከልጅነቱ ጀምሮ በካንሳስ ሲቲ ያስተማሩት ስታን ተርስክ የሚባሉ አስተማሪ ነበሩ፤ ኔልሰን የመጡት በተሠራ ቤት ላይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው፦ ኔልሰን ለማስተማር የቻሉት ታላቅ ተጫዋች ስለ ነበሩ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት?

ይህን ለመመለስ የኔልሰንን እኩያ ቤን ሆገንን እናንሣ። ሁለቱም በ1912 ተወልደው፣ በፎርት ዎርዝ ከተማ በአንድ ክበብ የሌሎችን ዱላ እየተሸከሙ ያደጉ ድኆች ልጆች ናቸው። ሆገን በወጣትነታቸው ኳሳቸው ከልክ በላይ ወደ ግራ እየተጠመዘዘ አስቸገራቸው፤ ይህን ለማጥፋት ብዙ ዓመት ደከሙና ከሁሉ የተመሰገነ የምት ስልት አገኙ። በ1957 ያወጡት «አምስት ትምህርቶች» የተባለው መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይነበባል። ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ ያስተማሩት የእጅ አያያዝ፣ ሆገንን ላስቸገረው በሽታ የተገኘ መድኃኒት ነው። ተራው ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው ኳሱ ወደ ቀኝ እየተጠመዘዘበት ነውና፣ መድኃኒቱን እንዳለ ቢወስደው በሽታው ይብስበታል። ሆገን አልዋሹም፤ የተናገሩት የራሳቸውን አካል እውነት ነው። ችግሩ የሰው ሁሉ አካል እንደ እርሳቸው አለመሆኑ ነው።

በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሳለን ያየነውን እዚህ ብንጨምር አንባቢ ይቅር ይበለን። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የነበረውን ልጅ፣ ይህ እንዴት ሆነ ብለን ስንጠይቀው፣ «ይታያል እኮ!» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። የሚያስረዳን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ልጅ ነበር፤ እሱ መንገዱን በድካም ስላለፈው፣ የት የት እንደሚሰናከሉበት ያውቀዋል።

ይህ የትምህርት ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። በ2001 ሲያን ባይሎክና ቶማስ ካር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች፣ የሠለጠኑ ጐልፈኞችንና ጀማሪዎችን ኳሷን ወደ ዒላማው ቀስ አድርጎ የመግፋቱን ምት አስመቷቸው። ከዚያም በመጀመሪያ ይህ ምት በጠቅላላው እንዴት እንደሚመታ፣ ቀጥሎም አሁን የመታችሁትን የመጨረሻውን ምት እንዴት እንደ መታችሁት ጻፉ አሏቸው። የሠለጠኑት ስለ አጠቃላዩ ደንብ ከጀማሪዎቹ ይልቅ አስፋፍተው ጻፉ፤ ስለዚያች ስለ መጨረሻዪቱ ምት ግን ያስታወሱት ከጀማሪዎቹ ያነሰ ሆነ። ቅርጹና ክብደቱ እንግዳ የሆነ ዱላ ሲሰጣቸው ደግሞ የሠለጠኑትም ማስታወስ ጀመሩ። ከዚህ የምንረዳው፣ የተካነ ሰው እጁ ሲሠራ አእምሮው እየተከታተለ አለመሆኑን ነው፤ ስለዚህ «እንዴት አደረግኸው?» ሲባል የሚናገረው ያደረገውን ሳይሆን፣ ይደረጋል ተብሎ የተማረውን ነው።

ለዚህም ከራሱ ከጐልፍ ጥሩ ማስረጃ አለ። በቀድሞ መጻሕፍት ሲጻፍ የኖረው፣ ኳስ የምትነሣው ዱላው በተጓዘበት አቅጣጫ ነው፤ በኋላ የምትጠመዘዘው የዱላው ፊት ወደሚመለከትበት ነው የሚል ነበር። ኳስን በራዳር የሚከታተሉ መሣሪያዎች በዚህ ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲመጡ፣ ነገሩ ወደ ተቃራኒው የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ ኳስ ስትነሣ በአብዛኛው የምትከተለው የዱላውን ፊት ነው። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ዘመን ጀግኖቹ በትክክል እየመቱ፣ የሚያስረዱት ግን በስሕተት ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር እኛን እጅግ አስገርሞናል፤ ከጐልፍ ውጭም ስንት ሥራ እንዲህ ይሆን እያልን ተነጋግረናል።

አሁን ወደ ኔልሰን እንመለስ። የእርሳቸው ታሪክ ከዚህ ደንብ የወጣ የሚመስለው ለሁለት ምክንያት ነው ብለን እንገምታለን። በወጣትነታቸው የዱላው እጄታ ከእንጨት ወደ ብረት ይለወጥ ነበር፤ ኔልሰንም የቀድሞው ስልት ለብረቱ እንደማይስማማ አይተው፣ የምት ስልታቸውን እያወቁ፣ በአሳብ፣ እንደ አዲስ ሠሩት። ብዙዎች የዘመናዊው ስልት አባት የሚሏቸው ስለዚህ ነው። ስለዚህ አካላቸው የሚያደርገውን አእምሮአቸው ያውቀው ነበር። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት፣ ኔልሰን አሸናፊ ብቻ ሳይሆኑ መምህር መሆናቸው ነው። በዚያን ዘመን የውድድር ሽልማት ለኑሮ ስለማይበቃ፣ ተጫዋቹ በአንድ ክበብ ተቀጥሮ አባሎችን ያስተምር ነበር። ኔልሰንም በፔንሲልቫኒያ በሬዲንግ፣ በኋላም በኦሃዮ በቶሊዶ ከተማ በኢንቨርነስ ክበብ እንዲህ እየሠሩ ኖረዋል። የነጋዴውንና የሐኪሙን ዝገት የያዘው ትከሻ ሲያቃኑ የዋሉ ሰው ናቸው።

ይህ ትክክል ከሆነ ስለ ዛሬዎቹ ጀግኖች የሚያሳስብ ነገር አለ። የዛሬው ታላቅ ተጫዋች ከልጅነቱ ጀምሮ ተማሪ ብቻ ነው፤ ሽልማቱና ማስታወቂያው ስለሚያኖረው፣ ሌላ ሰው አስተምሮ እንጀራ መብላት አያስፈልገውም። ጨዋታውን ሲተው ያለው ዕውቀት ምንም ያህል ቢሆን፣ የማስተማር ልምዱ ግን ከባዶ ይጀምራል።

በእርግጥም ታላላቆቹን ያሠለጠኑት አብዛኛውን ጊዜ ታላላቅ ተጫዋቾች አልነበሩም። ኒክላውስን ከዐሥር ዓመቱ ጀምሮ ያስተማሩት ጃክ ግራውት፣ በውድድር ስማቸው የገነነ ሰው አልነበሩም። ሕፃኑ ሲመታ ራሱን እያንቀሳቀሰ ስላስቸገራቸው፣ ረዳታቸው ጠጕሩን ይዞ እንዲያቆመው አድርገው ያስመቱት ነበር፤ ልጁ ራሱን ካላወዛወዘ ደኅና ነው፣ ካወዛወዘ ግን ጠጕሩ ይነግረዋል። ኒክላውስ 18 ታላላቅ ድሎችን ያገኘ ሰው ሆኖ እንኳ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ወደ ግራውት እየሄደ ከዱላው አያያዝ እንደ ጀማሪ ይነሣ ነበር። በቴክሳስ ቶም ካይትንና ቤን ክሬንሾን ያስተማሩት ሃርቪ ፔኒክም እንዲሁ ናቸው። ፔኒክ አንዱ ሲማር ሌላው እንዲያይ አይፈቅዱም ነበር፤ ለአንዱ የተሰጠው ቃል ሌላውን ያጠፋዋል ብለው ስለሚፈሩ ነው። ይህ ከሆገን መጽሐፍ ጋር ሲተያይ ትርጕሙ ይገለጣል። ፔኒክ በ1995 ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ክሬንሾን ከአልጋቸው ሆነው አስተማሩት፤ ከሞታቸው በሳምንቱ ክሬንሾ ማስተርስን አሸነፈ። በአገራችንም አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት ኦኒ ኒስካነን ራሳቸው የኦሊምፒክ አሸናፊ እንዳልነበሩ ሁሉም ያውቃል።

የታይገር ውድስ አስተማሪ ቡች ሃርመን በመካከል የቆሙ ናቸው። አባታቸው ክሎድ ሃርመን በ1948 ማስተርስን አሸንፈዋል፤ ልጃቸው ግን በውድድር ያን ያህል ስማቸው የገነነ አልነበሩም። ውድስ በ1997 ማስተርስን በ12 ምት ብልጫ ካሸነፈ በኋላ፣ ከሃርመን ጋር ሆኖ የምት ስልቱን አፍርሶ ሊሠራ ተነሣ። በ1998 በአሜሪካ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ፤ አበደ ያሉት ነበሩ። በ1999 ስምንት፣ በ2000 ዘጠኝ ጊዜ አሸነፈ፤ ከእነዚህም አንዱ የአሜሪካ ኦፕን ሲሆን ብልጫው 15 ምት ነበር።

ይሁን እንጂ ሁሉ እንደ ውድስ አልሆነም፤ ጥያቄያችን ለጨዋታ ብቻ የተነሣ አለመሆኑም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አሸናፊ ሰው የሚያጣው ነገር አለው። አውስትራሊያዊው ኢያን ቤከር ፊንች በ1991 የብሪታንያን ኦፕን አሸነፈ። ከዚያም ኳሱን ይበልጥ ለማራቅ ብሎ ስልቱን ይለዋውጥ ጀመር። በ1995 በሴንት አንድሩስ ከመነሻው ስፍራ፣ እጅግ ሰፊ በሆነው ሜዳ ላይ፣ የመጀመሪያ ኳሱን ከወሰን ውጭ ሰደዳት። በ1997 በትሩን የመጀመሪያው ቀን ውጤቱ 92 ምት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ውድድሩን ተወ። አየርላንዳዊው ፓድሬግ ሃሪንግተንም በ2007 እና በ2008 ሦስት ታላላቅ ድሎችን ካገኘ በኋላ ስልቱን ለማሻሻል ተነሣ፤ ከአራቱ አንዱንም እንደገና አላሸነፈም። አስተማሪዎቻቸውን መውቀስ አሳባችን አይደለም፤ ነገር ግን ስመ ጥሩ ሽማግሌ አንድ ቃል ሲናገር፣ ወጣቱ ቃሉን የሚመዝነው በቃሉ እውነት ሳይሆን በተናጋሪው ክብር ነው። ተራ አስተማሪ ቢሳሳት ይሰናበታል፤ ጀግና ቢሳሳት ግን ማን ደፍሮ ያሰናብተዋል?

በዚህ ላይ ዘመኑ ተለውጦአል። በ1980 በአሜሪካ ውድድሮች ከሁሉ አርቆ የሚመታው ዳን ፖል በአማካይ 274 ያርድ ያህል፣ ማለት 250 ሜትር፣ ይመታ ነበር፤ በ2021 ብራይሰን ዴሻምቦ 323 ያርድ፣ ማለት 296 ሜትር ያህል ደርሶአል። ዱላው ከእንጨት ወደ ብረት፣ የኳሷም ውስጥ በክር ከመጠቅለል ወደ ጠጣር ተለውጦአል። የቀድሞው ሰው «በዚህ ጕድጓድ እንዲህ ምታ» ቢል፣ ያ ሜዳ ዛሬ ለወጣቱ ሌላ ሜዳ ነው።

ታዲያ የቀድሞው ጀግና የሚሰጠው ምን ይቀራል? እኛ እንደሚመስለን ትልቁ ነገር ይቀራል። ከሌላ ጨዋታ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቴኒሱ ኢቫን ሌንድል ከታላላቅ ውድድሮች በመጀመሪያዎቹ አራት ፍጻሜዎች ተሸንፎ፣ በኋላ ስምንት ያሸነፈ ሰው ነው። አንዲ መሪ በ2012 መጀመሪያ ሲጠራው ሦስት ፍጻሜ ተሸንፎ ነበር፤ በዚያው ዓመት በዊምብልደን አራተኛውን ተሸነፈ፤ ከዚያም የአሜሪካን ኦፕን፣ በ2013 ደግሞ ዊምብልደንን አሸነፈ። ሌንድል ራሱ ዊምብልደንን አንድ ጊዜም አላሸነፈም። እንግዲህ የሰጠው የዊምብልደንን ድል ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ አራት ጊዜ ወድቆ አምስተኛውን መነሣት ምን እንደሚመስል ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ኔልሰንም በ1974 ወደ መልበሻው ክፍል የገቡት ስለ ክንድና ስለ ትከሻ ሊናገሩ አልነበረም።

በጐልፍ የቅርቡ ምሳሌ የሮሪ ማኪልሮይ ነው። የምት ስልቱን ከልጅነቱ ያስተማሩት ማይክል ባነን የክበብ አስተማሪ ነበሩ። በ2011 በማስተርስ በአራት ምት እየመራ በመጨረሻው ቀን 80 አውጥቶ ሲወድቅ፣ ኳሷን ወደ ጕድጓዱ የመግፋቱን ነገር ዴቭ ስቶክተንን ጠየቀ፤ ስቶክተን በ1970 እና በ1976 የፒ ጂ ኤ ሻምፒዮና አሸናፊ ነበሩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአሜሪካን ኦፕን በስምንት ምት ብልጫ አሸነፈ። ይህ እንደሚያሳየው የቀድሞ ተወዳዳሪ አንዱን ክፍል ይዞ ቢያስተምር ይሳካለታል፤ ጠቅላላውን ስልት ሲይዝ ግን ያስፈራል።

ኒክላውስ ደግሞ በ2025 የማስተርስ መክፈቻ ቀን ለጋዜጠኞች የተናገሩት አለ። ከውድድሩ በፊት ከማኪልሮይ ጋር ምሳ ሲበሉ፣ ሜዳውን እንዴት ልትጫወተው አስበሃል ብለው ጠየቁት፤ እሱም ምት በምት ዘርዝሮ ነገራቸው፤ እርሳቸውም አንዱንም እንደማይለውጡት፣ ራሳቸውም ቢሆኑ እንደዚያ ሊጫወቱት እንደሚሞክሩ ነገሩት። በዚህ ወሬ እኛ የምናደንቀው ጥያቄውን ነው። ማስተርስን ስድስት ጊዜ ያሸነፉ ሽማግሌ «እንዲህ አድርግ» ለማለት ሥልጣን ነበራቸው፤ እርሳቸው ግን ወጣቱን አናገሩትና አዳመጡት።

ማኪልሮይ በዚያው ቀን በ15ኛውና በ17ኛው ጕድጓድ በእያንዳንዳቸው ከተወሰነው ሁለት ምት አብዝቶ ዋለ። በመጨረሻውም ቀን በመጀመሪያው ጕድጓድና በ13ኛው እንደዚያው ሆነበት። ከጀስቲን ሮዝ ጋር እኩል ሆኖ ጨረሰና፣ በተጨመረው በአንደኛው ጕድጓድ አሸንፎ፣ ከ2011 ጀምሮ ሲሸሸው የኖረውን ውድድር አገኘ። ምሳ ላይ የጸደቀው ዕቅድ በአራቱ ቀን አራት ጊዜ ተሰብሮአል፤ በእያንዳንዱ ስብራት ጊዜ በሜዳው ላይ የነበሩት ማኪልሮይና ዱላ ተሸካሚው ብቻ ነበሩ።